ስለ አፓቺ ሰርቨር አዲሱ እትምና ስለ አጀማመሩ



የኮምፒዩተር ክበባችን በዘንድሮው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ ስለ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሁን አለ፤ ሌላው ስለ ጠፈር ካልሆነ ማን ያነበዋል ብሎ ተቈጣ። እኔ ግን ከሩቅ ከሰማሁት ይልቅ በገዛ እጄ ስለ ሠራሁትና በገዛ እጄም ስላበላሸሁት ነገር ብጽፍ ይሻላል ብዬ፥ ስለ ዌብ ሰርቨርና ስለ አዲሱ እትሙ አጀማመር ለመጻፍ ተነሣሁ። ነገሩ በግቢያችን የተፈጸመ ስለ ሆነ ከእናንተ ብዙዎቹ መጨረሻውን በከፊል ሰምታችኋል። መጀመሪያውን የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን።

በመጀመሪያ ዌብ ሰርቨር ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩን ለማስረዳት ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ተማሪው በመስኮት በኩል የመጽሐፉን ስም ይናገራል፤ ሠራተኛው መደርደሪያውን ፈልጎ መጽሐፉን ያቀብለዋል። መጽሐፉ ከሌለ «የለም» ይላል፤ መጽሐፉ ኖሮ ለዚያ ተማሪ እንዳይሰጥ ከታዘዘ ደግሞ «አልሰጥህም» ይላል። ዌብ ሰርቨርም እንዲሁ በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። ጠያቂው በስልካችን ላይ ያለው ብራውዘር ነው፤ የሚነጋገሩበትም ቋንቋ ኤችቲቲፒ ይባላል። «የለም» ለማለት 404 የሚለውን ቍጥር፥ «አልሰጥህም» ለማለት 403 የሚለውን ቍጥር፥ «እነሆ ውሰድ» ለማለት 200 የሚለውን ቍጥር ይልካል። እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ዌብ ሰርቨር እንዲሠራ ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የዋይፋይ ራውተር ካሉ፥ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ስልኮች ሁሉ ከዚያ ኮምፒዩተር መጽሐፍ ሊወስዱ ይችላሉ፤ አንዲት ሳንቲም የዳታ ሒሳብ ሳይከፈል፥ ከመርሳ ውጭ አንዲት ፊደል ሳትሻገር። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ።

የትምህርት ቤታችን ሰርቨር የተወለደው በችግር ነው። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወደ አካባቢያችን ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በቆየባቸው ወራት፥ የኮምፒዩተር ክፍላችን ባዶውን እንደ ቀረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የተረፈችው በዕቃ ቤት ውስጥ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተጥላ የነበረች አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረች፤ አሮጌነቷ አዳናት። ከዚያም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ ከእኛ በፊት የነበሩት የክበቡ አባሎች ያችን ኮምፒዩተር አጽድተው የመማሪያ መጻሕፍቱን፥ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንና መምህራን በአማርኛ የጻፏቸውን ማስታወሻዎች ሰበሰቡባት። ከጊራናና ከውርጌሳ ወገን መጥቶ መርሳ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፥ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤቱ እያመጣ ለሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ፥ ያች ኮምፒዩተር ምን እንደ ነበረች እናንተው ታውቃላችሁ። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሲደርስ አይተናልና።

ስለ ሰርቨሩ ታሪክ ጥቂት ልበል። የመጀመሪያው የዓለም ዌብ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ላይ በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም በእንግሊዛዊው በቲም በርነርስ-ሊ ኮምፒዩተር ላይ ሥራ ጀመረ። በኮምፒዩተሩም ላይ ይህ ሰርቨር ነውና አታጥፉት የሚል ወረቀት በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። እኛም ተመሳሳይ ወረቀት ለጥፈናል። ምክንያቱም የማታው ዘበኛችን ማሽኑን ሦስት ጊዜ አጥፍተውብን፥ «ጋሼ፥ ለምን?» ብንላቸው፥ «ሰው በሌለበት ክፍል መብራት ሲበላ ዝም ብዬ ልይ እንዴ?» ብለው መለሱልን። እውነታቸውን ነው።

እኛ የምንጠቀምበት ሰርቨር አፓቺ ይባላል። ከእርሱ በፊት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ኤንሲኤስኤ በተባለ ማዕከል ሮብ መኩል የጻፈው ሰርቨር በብዙ ቦታ ይሠራበት ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ማዕከሉን ለቆ ሲሄድ ፕሮግራሙ ባለቤት አጣ። በየቦታው የነበሩ ተጠቃሚዎች ግን እያንዳንዳቸው የጠገኑትን ቁራጭ በኢሜይል እየተለዋወጡ አንድ አድርገው ሰፉት፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1995 የመጀመሪያውን ለሕዝብ አወጡ። ስሙ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከአፓቺዎች የተወሰደ ሲሆን፥ በእንግሊዝኛ «የተጣጣፈ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ፕሮግራሙ በነጻ የሚሰጥ ነው። ዛሬ ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ኤንጂንክስ የተባለው ሰርቨር ብዙውን ገበያ ተጋርቶታል፤ የአፓቺን ነገር ያወቀ ግን ለዚያም አይቸገርም።

አሮጌዋ ኮምፒዩተራችን የነበራት አፓቺ 2.2 የተባለው ነው። ይህ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ሲሆን፥ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2017 በኋላ ጥገናውን አቁመዋል። ተከታዩ 2.4 እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ወጥቶ በየጊዜው ሲታደስ ኖሯል። እንግዲህ «አዲሱ እትም» የምለው ለዓለም ሳይሆን ለእኛ አዲስ የሆነውን ነው። ጥገና የቀረበት ሰርቨር ቀዳዳው አይደፈንም፤ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ጋር ብናገናኘው አጥር በሌለው ግቢ እንደ ማደር ነው። ከዚህም በላይ የአሮጌዋ ኮምፒዩተር ዲስክ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀምሮ ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ የትምህርት ቤቱ ወዳጅ ያገለገለች ግን ደኅና ኮምፒዩተር ሰጠን፤ ሥራውም ለእኔ ደረሰ።

አባቴ ገበሬ ነው። ሲሪንቃ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ የማሽላ ዘር መጣ ሲባል ማሳውን ሁሉ በአዲሱ ሲሸፍን አይቼው አላውቅም። ከዳር ያለችውን ቁራጭ ለይቶ በዚያች ይሞክራል፤ አቀንጭራው እንዴት እንዳደረገው፥ ዝናሙ ቀድሞ ሲቆም ፍሬ መያዝ አለመያዙን፥ እንጀራውንም ሳይቀር ያያል። እስከዚያ ድረስ ነባሩ ዘር ከጎታው አይወጣም። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ ብዬ አሮጌዋ ኮምፒዩተር ሥራዋን ሳታቋርጥ አዲሲቱን በአጠገቧ በሌላ አድራሻ ተከልኋት። እስከዚህ ድረስ የአባቴ ልጅ ነበርሁ።

ፕሮግራሙን ለማግኘት ወልድያ ሄድሁ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። እዚያ የሚማረው የአጎቴ ልጅ፥ ወንድም ጋሼ የምለው፥ በፍላሽ ቀድቶ ሰጠኝ። መርሳ ተመልሼ ብጭነው እንቢ አለኝ። ለካስ አንድ የሊኑክስ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም፤ የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች አሉት፤ ለአፓቺም ኤፒአር የሚባሉትና ሌሎችም ያስፈልጋሉ። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ማሽኑ ራሱ አውርዶ ያሟላቸዋል፤ በፍላሽ የሚጭን ሰው ግን አስቀድሞ የጎደለውን ሁሉ አስጽፎ መያዝ አለበት። እኔ ሁለተኛ የመኪና ሒሳብ ከፍዬ ተማርሁት።

ከተጫነ በኋላ በስልኬ አድራሻውን ስከፍት «ይሠራል!» የሚል የእንግሊዝኛ ገጽ መጣልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ነገር ግን ይህ ገጽ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣ የሰላምታ ገጽ እንጂ የእኛ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። የአሮጌውን ማዋቀሪያ ፋይል በትክክል ገልብጫለሁ፤ ታዲያ ለምን አላነበበውም? ግማሽ ቀን ካባከንሁ በኋላ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች፥ በ2.2 ጊዜ የማዋቀሪያው ፋይል ስም እንዴትም ቢሆን ግድ የለም ነበር፤ በ2.4 ግን የስሙ መጨረሻ «ነጥብ ኮንፍ» ካልሆነ ሰርቨሩ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ስሕተት ነው ብሎም አይናገርም።

ስሙን አስተካክዬ እንደ ገና ስከፍት፥ 403 መጣ። መጻሕፍቱ አሉ፤ ግን «አልሰጥህም» አለኝ። አፓቺ ማዋቀሪያውን የሚመረምር «ኮንፊግቴስት» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ባዝዘው «ሲንታክስ ኦኬ» ብሎ መለሰልኝ። ይህ መልስ አያታልላችሁ። የሚመረምረው ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ትክክል መሆኑን ነው እንጂ፥ እናንተ ያሰባችሁትን የሚናገር መሆኑን አይደለም። እውነተኛው መልስ ያለው «ኤረር ሎግ» በሚባለው የስሕተት መዝገብ ውስጥ ነው። እዚያም ኤኤች01630 ከሚል ቍጥር ጋር፥ ጠያቂው በሰርቨሩ ማዋቀሪያ እንደ ተከለከለ ተጽፎ አገኘሁት።

ምክንያቱ የሁለቱ እትሞች ትልቁ ልዩነት ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ2.2 ማን ይግባ ማን አይግባ የሚባለው «ኦርደር»፥ «አላው»ና «ዲናይ» በሚሉ ሦስት ቃላት ነበር። የፈቃዱንና የክልከላውን ዝርዝር ከጻፉ በኋላ የትኛው ቀድሞ ይታይ የሚለውንም መጻፍ ነበረባቸው፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ፍርዱም ይገለበጣል። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ይሳሳቱበት ነበር። በ2.4 ሦስቱ ቀርተው «ሪኳየር» የሚል አንድ ቃል ተተካ። «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» ማለት ሁሉ ይግባ ነው፤ «ሪኳየር ኦል ዲናይድ» ማለት ማንም አይግባ ነው፤ «ሪኳየር አይፒ» ብለው አድራሻ ቢጽፉ ያ አድራሻ ብቻ ይገባል። የማሽኑ ጠቅላላ ማዋቀሪያ ከመሠረቱ «ማንም አይግባ» ይላል፤ ለእያንዳንዱ ፎልደር ፈቃዱን መስጠት የባለቤቱ ፈንታ ነው። አሮጌዎቹን ቃላት አዲሱ እትም ለልማድ ሲል ይቀበላቸዋል፤ ነገር ግን ያ የመሠረት ክልከላ በእነርሱ አይነሣም። ስለዚህ በእኛ ማሽን ላይ አሮጌው ትእዛዝ «ግባ» ሲል አዲሱ «አትግባ» ይል ነበር፤ ክልከላውም አሸነፈ። አሮጌዎቹን መስመሮች ሰርዤ «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» ብዬ ጻፍሁ። ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ትንሽ ነበር፤ ግን አስደነገጠኝ። የመምህራን የአማርኛ ማስታወሻዎች በፊደል ፈንታ የማይነበብ ምልክት ሆነው ታዩ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ከፊደሎቻችን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ብራውዘሩ ይህን ካልተነገረው ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ምልክት ቈጥሮ «ሀ»ን ሦስት ዓይነት ጉድ ያደርጋታል። በአሮጌው ማዋቀሪያ ውስጥ ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 ነው የሚል አንዲት መስመር ነበረች፤ «አድ ዲፎልት ካርሴት» ትባላለች። እኔ ጥቅሟን ስላላወቅሁ ሳልገለብጣት ቀርቼ ነበር። መለስኋት፤ ማስታወሻዎቹም ተመለሱ።

ሁሉን በስልክ ሞከርሁ። ሒሳብ ተከፈተ፤ ፊዚክስ ተከፈተ፤ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ተከፈቱ። ማክሰኞ ጧት የአሮጌዋን አድራሻ ለአዲሲቱ ሰጠኋት፤ ተማሪው ምንም ሳያውቅ ከአሮጌዋ ወደ አዲሲቱ ተዛወረ። ፍጥነቷን ያደነቁ ነበሩ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዋልሁ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ከኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ወንድሜ፥ የባዮሎጂ መጽሐፍ ስፈልግ ‹መምህራን› የሚል ሣጥን አየሁ። ስነካው ተከፈተ። ‹የሁለተኛ መንፈቅ ፈተና› የሚል ስም አየሁና ወጣሁ። አልከፈትሁትም። ዝጋው።»

ይህን ብላ ሄደች። እኔ ግን እግሬ ከዳኝ። ፈተናው ሊሰጥ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

የሆነው ይህ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው አባል የመምህራንን ፎልደር ከ9ኛ ክፍል መጻሕፍት ሥር አስቀምጦታል፤ ለምን እዚያ እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቍልፉን ግን አኑሮበት ነበር። ቍልፉ ያለው በዋናው ማዋቀሪያ ውስጥ ሳይሆን፥ በራሱ በፎልደሩ ውስጥ በተቀመጠች «ነጥብ ኤችቲአክሰስ» በምትባል ትንሽ ፋይል ነው። አፓቺ 2.2 ሌላ ካልታዘዘ በቀር እንዲህ ያሉትን ፋይሎች እያነበበ ይታዘዛል። አፓቺ 2.4 ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ፈጽሞ አያነባቸውም። ፋይሏን ከመጻሕፍቱ ጋር ገልብጫታለሁ፤ በቦታዋ ተቀምጣለች፤ የሚያያት ግን የለም። በላይዋ ላይ እኔ ራሴ «ሁሉ ይግባ» ብዬ ጽፌአለሁ። ከዚህም የባሰው፥ አፓቺ የተከለከለን ፎልደር ከዝርዝር ላይ ስሙን እንኳ ይሰውራል፤ በአሮጌዋ ማሽን ላይ ተማሪ አይቶት የማያውቀው ስም ክልከላው ሲነሣ ከመጻሕፍቱ መካከል ብቅ አለ።

የተሳሳትሁት አዲሱን ማሽን ስሞክር ነው። መከፈት ያለበት መከፈቱን አንድ በአንድ አየሁ፤ መዘጋት ያለበት መዘጋቱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርሁም። አንድ ጊዜ ያን ፎልደር በስልኬ ብነካው ኖሮ፥ 403 በመጣ ፈንታ 200 ሲመጣ ወዲያው አየው ነበር።

ራውተሩን ነቅዬ የክበባችን ኃላፊ ወደ ሆኑት መምህር ሄድሁና ሁሉን ነገርኋቸው። ይቈጣሉ ብዬ ስጠብቅ፥

«አብሽር፤ መዝገቡን አምጣልኝ» አሉኝ።

«የቱን መዝገብ፥ መምህር?»

«ማን መጥቶ ምን እንደ ወሰደ የሚጽፈውን።»

አፓቺ ከስሕተት መዝገቡ ሌላ «አክሰስ ሎግ» የሚባል የገቢና ወጪ መዝገብ አለው። በእያንዳንዱ መስመር የጠያቂው ስልክ አድራሻ፥ ሰዓቱ፥ የተጠየቀው ፋይል ስምና የተሰጠው መልስ ቍጥር ይጻፋል። ከጧት ጀምሮ የተጻፈውን ሁለታችን ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብን፤ ከስድስት መቶ በላይ መስመር ነበር። ብዙዎቹ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍና ያለፉ ፈተናዎች ናቸው። «መምህራን» የሚለው ስም የተገኘው በአንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። ሰዓቱ 15፡12 ይላል፤ ማሽኑ የሚቈጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለ ሆነ ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። አንድ ስልክ የፎልደሩን ዝርዝር ጠይቆ 200 ተቀብሏል። ቀጥሎ ያለው የዚያው ስልክ መስመር የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። ከፈተናዎቹ አንዱም አልተጠየቀም።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ያችን መስመር እንደ ገና አነበቧት። ልጅቱን ማን እንደ ሆነች አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ ክልከላውን በዋናው ማዋቀሪያ ውስጥ «ሪኳየር አይፒ» ብዬ ለመምህራን ክፍል ኮምፒዩተር አድራሻ ብቻ ጻፍሁትና፥ በስልኬ ስሞክረው 403 መጣ። ይህን ቍጥር በማየቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። መምህሩ ግን በዚህ አልረኩም። የመምህራኑ ኮምፒዩተር በጠፋች ጊዜ አንድ ብልጥ ተማሪ አድራሻዋን ለስልኩ ቢሰጥ ሰርቨሩ መለየት እንደማይችል አስረዱኝና፥ «ለመሆኑ ፈተና በተማሪ መረብ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ፈተናዎቹ በዚያው ማታ ከማሽኑ ወጥተው በፍላሽ ሆነው ቍልፍ ወዳለው መሳቢያ ገቡ፤ ፎልደሩም ባዶውን ቀረ።

አሁን በኮምፒዩተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። በግራ በኩል 200 የሚመልሱ አሥራ አራት አድራሻዎች፥ በቀኝ በኩል 403 መመለስ ያለባቸው አምስት አድራሻዎች ተጽፈዋል። በማዋቀሪያው አንዲት ፊደል የነካ ሁሉ፥ ማሽኑን ሳይዘጋ ሁለቱንም ወገን በስልክ ሞክሮ ከታች ይፈርማል። ማዋቀሪያውን ከመንካቱም በፊት የቀድሞውን ፋይል ቀን ጽፎበት ይገለብጣል። የእኔ ፊርማ እስካሁን ሃያ ሦስት ጊዜ አለበት።

አሮጌዋ ኮምፒዩተር እስከ ግንቦት ድረስ በአጠገቧ ቆይታ፥ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዲስኳ ሳይነሣ ቀረ። አሁን ወደ ዕቃ ቤት ተመልሳለች። ይህን ሥራ ለመማር የሚፈልግ፥ በተለይ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የሆነ፥ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በኮምፒዩተር ክፍሉ ያገኘናል። እኔ በሚመጣው ዓመት 12ኛ ክፍል ስለምሆን ወረቀቱን የሚረከበኝ ሰው እፈልጋለሁ።